ነፋስ የማያውቅ ማሽን

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም.፣ ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ ካለ አንድ አውድማ ዳር ቆመናል። ሦስት ነን። ሁለታችን የዚያው የእነማይ ልጆች፣ አንዳችን ደግሞ ከወደ ሞጣ። ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ አዝመራ ላይ ደረስንና "ተማርን ባዮች" እየተባልን ከምንተረብ አንድ ቀን እጅጌ ሰብስቦ መሥራት ይሻላል ብለን ወጣን። የሠራነው ሥራ ግን ያን ያህል አልነበረም። የዚያን ቀን በሬዎቹም እኛም አረፍን። ማሽን መጥቷላ!

መውቂያው በኪራይ የመጣ ነው። በማግስቱ ሌላ ቀዬ ቀጠሮ ስላለው ባለማሽኑ ጥድፊያ ላይ ነው። ነዶው በአንድ በኩል ይገባል፤ ጭዱ በሌላው በኩል እየተተፋ ይወጣል፤ እህሉ ከታች ይወርዳል። በሬ ተጠምዶ፣ አውድማ ላይ ታድሮ፣ ነፋስ ተጠብቆ ቀናት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ቀን አለቀ። ሰዉ ሁሉ ደስ አለው። እኛም "ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው" ብለን ከማሽኑ ጎን ቆመን ፎቶ ተነሳን።

አመሻሽ ላይ የቤቱ አያት ወደ ጭዱ ክምር ጠጋ አሉ። ከሥሩ አንድ እፍኝ ዘገኑና መዳፋቸው ላይ እፍ አሉበት። እብቁ በረረ። የቀረውን ለባለማሽኑ አሳዩት። ነጭ ጤፍ ነው። አንድ ሁለት ፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ መዳፋቸውን የሸፈነ ጤፍ!

"እማማ፣ ይሄ ማሽን እኮ ስንዴ ላይ አንዲት ፍሬ አይጥልም!" አለ ልጁ፣ ከልቡ ተገርሞ።

"አዬ ልጄ፣ እኔ መቼ ስንዴ ዘራሁ?"

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ባለማሽኑ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እሳቸው ሰፌዳቸውን አስመጡና ጭዱ ሥር ቁጭ አሉ። እኛም ካሜራችንን ከትተን አጠገባቸው ቁጭ አልን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእርሻ ማሽን ወሬ በተነሳ ቁጥር የእኚህ እናት ጥያቄ ይመጣብናል። "እኔ መቼ ስንዴ ዘራሁ?" የዛሬው ጽሑፋችንም በዚሁ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። የምንለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በጤፍ አገር የሚገዛ መውቂያም ሆነ ማድረቂያ፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ ሙቀቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ነፋሱ መጠየቅ አለበት።

ነገሩን ከሥሩ

አውድማ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ነፋስ ስለበረታ ብቻ ምርት አይጠራም። ነፋስ ከሌለ ቁጭ ብሎ ይጠበቃል። ነፋሱ ከመጠን በላይ ከሆነም ቁጭ ብሎ ይጠበቃል። ልከኛው ሲመጣ ገበሬው ነፋሱን በጎኑ አድርጎ ይቆማል። መጀመሪያ ረጃጅሙን ጭድ በመንሽ ያነሳል፣ ቀጥሎ እብቅ የተቀላቀለበትን ምርት በላይዳ ወደ ላይ ይበትናል። ነፋሱ በርታ ሲል ዝቅ አድርጎ ይበትናል፣ ላላ ሲል ከፍ ያደርጋል። ይህን ማንም በወረቀት ጽፎ አልሰጠውም። አባቱ ሲያደርግ አይቶ፣ ሲሳሳት ተቆጥተውት የተማረው ነው።

እስቲ ያንኑ በቁጥር እንየው። አንድ ፍሬ ከታች ወደ ላይ በሚነፍስ አየር ላይ ተቀመጠ እንበል። አየሩ ከደከመ ፍሬው ይወድቃል፤ ከበረታ ፍሬውን ይዞት ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ፍሬው የማይወድቅበትም የማይበርበትም አንድ ፍጥነት አለ። መሐንዲሶች ተርሚናል ቬሎሲቲ ይሉታል፤ እኛ የመንሳፈፊያ ፍጥነት እንበለው። ለጤፍ ይህ ፍጥነት እንደ እርጥበቱ መጠን በሴኮንድ ከ3 እስከ 4 ሜትር ገደማ ነው። ለስንዴ 7 ወይም 8 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ለበቆሎ ከ10 ሜትር ያልፋል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከክብደትና ከገጽ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከግራም ሲሶ ገደማ ቢመዝን ነው። አንድ ሺህ የበቆሎ ፍሬ ግን 300 ግራም አካባቢ ይመዝናል። አንዱ በቆሎ ወደ አንድ ሺህ ጤፍ ያህል ነው ማለት ነው። ነፋስ የሚገፋው የፍሬውን ገጽ ነው፤ ወደ ታች የሚጎትተው ደግሞ ክብደቱ ነው። የአንድ ፍሬ ውፍረት በግማሽ ሲያንስ ገጹ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፣ ክብደቱ ግን ወደ አንድ ስምንተኛ። ትንሽ ነገር በትንሽ ነፋስ የሚበረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ላይዳው እንመለስ። ገበሬው ምርቱን ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በተነው፤ ነፋሱ በሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳል እንበል። ጤፉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መሬት ይደርሳል፤ ነፋሱ የሚወስደው አንድ ሜትር ገደማ ነው። በሴኮንድ አንድ ሜትር ብቻ የሚወርደው እብቅ ግን አየር ላይ ሁለት ሴኮንድ ይቆያል፤ አራት ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። በመካከላቸው ያለችው የሦስት ሜትር ርቀት ናት እንግዲህ የቤተሰቡ የዓመት እንጀራ። ነፋሱ ሲበረታ ጤፉም መንገድ ይጀምራል።

የዚያን ቀኑ ማሽን ማራገቢያው የተስተካከለው ለስንዴ ነበር። ለስንዴ ልክ የሆነ ነፋስ ለጤፍ አውሎ ነፋስ ነው። ባለማሽኑ አልዋሸም፤ ማሽኑ ስንዴ አይጥልም። ጤፍን ግን እንደ እብቅ ነው የሚያየው።

ፀሐይ እያለልን?

"እሺ፣ መውቂያውስ ይሁን፤ ማድረቂያ ደግሞ ምን አመጣው? ፀሐይ በነፃ እያለ!" የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብሎ የሚተርትብንም አይጠፋም። ተረቱን እንቀበላለን። ግን ነገሩ ወዲህ ነው።

በእኛ አገር እህል የሚደርቀው አውድማ ላይ ብቻ አይደለም። ታጭዶ ማሳ ላይ ይሰነብታል፤ ከዚያ ይከመራል፤ ክምሩ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚወቃው። አያቶቻችን "እርጥበት" እያሉ አልለኩም እንጂ ክምር ራሱ ማድረቂያ ነው። መውቂያ ማሽን ሲመጣ ግን ይህ ጊዜ ያጥራል። ማሽኑ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ሌላ ቦታ። እህሉ ደረቀም አልደረቀም ተራው ሲደርስ ይወቃል። ኮምባይነር በገባበት የስንዴ ማሳ ደግሞ ክምር የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ከማሳው ቀጥታ ወደ ከረጢት ነው።

እህል በደኅና እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። ከዚያ ሲያልፍ ጎተራ ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይበዛበታል። በተለይ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመርት ሻጋታ ይመጣል። በዚህ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ያለ ቀኑ የሚጥለውን ዝናብ ጨምሩበት። ከጮቄ ሥር ላሉት ለሞጣና ለቢቸና ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የሞጣው ባልደረባችን አባት አንድ ዓመት ክምሩ ላይ ዝናብ ወርዶ ስንዴው እዚያው ነዶው ላይ ሲበቅል አይተዋል። "ሳልዘራው በቀለ" ብለው ይቀልዱ እንደነበር ይነግረናል። ቀልዱ የሚመረው ለእሳቸው ነው።

ስለዚህ መውቂያው ማድረቂያውን ይጠራል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ማሽነሪዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ሲወስን በሩ ተከፍቷል። መልካም ውሳኔ ነው ብለን እናምናለን። ግን በተከፈተ በር የሚገባው ሁሉ ለእኛ እህል የተሠራ አይደለም።

በርሜል ውስጥ ያለ አውድማ

ከማድረቂያ ዓይነቶች ሁሉ የእህል ፍሬ ከነፋስ ጋር ያለውን ትግል በደንብ የሚያሳየን የሚሽከረከረው በርሜል ነው። ስኳር፣ ማዳበሪያ፣ አሸዋ በብዛት የሚደርቁት በእሱ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ምድጃም፣ የሙገሩን ጨምሮ፣ የዚሁ በርሜል ታላቅ ወንድም ነው። እህል ብዙውን ጊዜ የሚደርቀው በሌላ ዓይነት ማድረቂያ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

በርሜሉን እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት። ረጅም የብረት ሲሊንደር በአንድ በኩል ጥቂት ዘንበል ብሎ ተኝቶ ቀስ እያለ ይዞራል። ከውስጥ በግድግዳው ላይ ቁመቱን ይዘው የተበየዱ ማንሻ ቆርቆሮዎች አሉ። እህሉ ከፍ ባለው ጫፍ ይገባል። ቆርቆሮዎቹ ከሥር ዘግነው ያነሱታል፤ ወደ ላይ ሲደርሱ ያፈሱታል። እህሉ እንደ መጋረጃ ሆኖ ሲወርድ ትኩስ አየር በመካከሉ ያልፋል። ከዚያ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወርዳል። በርሜሉ ዘንበል ስላለ በእያንዳንዱ መውደቅ ጥቂት ወደፊት ይራመዳል፤ በመጨረሻ በዝቅተኛው ጫፍ ይወጣል።

ይህ ምንን ይመስላል? ላይዳን! ማንሻው ላይዳ ነው፣ ማራገቢያው የአውድማው ነፋስ ነው። ልዩነቱ አውድማ ላይ አንድ ፍሬ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢበተን ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ግን በአሥር ምናልባትም በመቶ ጊዜ ይበተናል። በአንድ መውደቅ ነፋሱ ፍሬውን አንዲት ስንዝር ቢገፋው፣ ሃምሳ ጊዜ ሲወድቅ ሃምሳ ስንዝር ነው። ትንሿ ግፊት ተደምራ የጉዞውን ርዝመት ትወስናለች።

አሁን ነፋሱ ከየት ወደየት ይነፍሳል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አየሩ ከእህሉ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሄደ እህሉን ወደ መውጫው ይገፋዋል፤ እህሉ ሳይደርቅ ቶሎ ይወጣል። አየሩ ከእህሉ ተቃራኒ ከመጣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እህሉ በርሜሉ ውስጥ ይቆያል፣ ይከማቻል፣ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። የተቃራኒው አየር ከዚህም ከበረታ ደቃቁ ፍሬ እስከ መጨረሻው ተመልሶ ከጭስ መውጫው ጋር ይወጣል። ፍሪድማንና ማርሻል የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ስለዚህ ጉዳይ ያደረጉትን ምርመራ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከእነሱ ሥራ የወጣው ቀመር የአየሩ ግፊት የሚበረታው ፍሬው እየደቀቀ ሲሄድ መሆኑን ያሳያል። ዛሬም የማድረቂያ በርሜል የሚነድፍ ሰው ይህን ቀመር ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ወደ በርሜሉ የሚገባው እህል ሁሉ እኩል አይደለም። ሙሉ ፍሬ አለ፣ የሰለለ ፍሬ አለ፣ እብቅ አለ። ነፋሱ ሁሉንም እኩል አይገፋቸውም። አየሩና እህሉ አብረው ሲሄዱ ደቃቁ ቀድሞ ይወጣል፣ ደልደል ያለው ይዘገያል። አየሩ ሲገጥማቸው ደግሞ ደቃቁ ይዘገያል፣ ይጠበሳል። ማሽኑ ላይ "20 ደቂቃ" ተብሎ የተጻፈው አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ማንም አይበላውም፤ ከመቶው አሥሩ እርጥብ ሆኖ ከወጣ የሚሻግተው ከረጢቱ ሁሉ ነው። ገበሬው ከዚያው ምርት ላይ ዘር የሚያስቀር ከሆነም ሌላ ጉዳት አለ። ለዘር የሚሆን እህል ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይሞቅ ይመከራል። የተጠበሰ ዘር መልኩ ያው ነው፤ የማይበቅለው በሐምሌ ነው።

ታዲያ ጤፍን በእንዲህ ዓይነት ማሽን ማድረቅ አይቻልም ማለታችን ነው? አይደለም። አንዲት የስኳር ቅንጣት ከጤፍ ፍሬ መጠን ብዙም አትርቅም፤ ስኳር ግን በዓለም ዙሪያ በሚዞር በርሜል ይደርቃል። የሚደርቀው የአየሩ ፍጥነት ለስኳር ተብሎ ስለተለካ ነው። ለስኳር የተለካ ነፋስ ካለ ለጤፍ የተለካ ነፋስ የማይኖርበት ምክንያት የለም። የጠፋው የሚለካ ሰው ነው።

የቢቸና አየር የወደብ አየር አይደለም

እስካሁን ስለ እህሉ ተናገርን። አየሩም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ የቀቀለ ሰው ሁሉ የዚህን ዋጋ በማገዶ ከፍሏል።

ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ተሠርቶ፣ እዚያው ተሞክሮ፣ እዚያው ማኅተም የተመታበት ማድረቂያ ወደ ቢቸና ሲመጣ ምን ይሆናል? ማራገቢያው ሲዞር የሚገፋው አየር በይዘት ያው ነው። በክብደት ግን አንሷል። ያነሰ አየር ያነሰ ሙቀት ይሸከማል፤ እህሉ በተጻፈው ሰዓት አይደርቅም። ሞተሩም ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ኦፕሬተሩ ታዲያ ምን ያደርጋል? ሁላችንም የምናደርገውን። ማራገቢያውን ይጨምራል፣ ካልሆነም እሳቱን ይጨምራል።

እሳቱን ሲጨምር እህሉ ይጠበሳል። ማራገቢያውን ሲጨምር ደግሞ የጤፉ ነገር ይመጣል። እርግጥ የሳሳ አየር ጉልበቱም በጥቂቱ የላላ ነው፤ ጤፍን ለማንሳት ከባሕር ዳርቻው አየር ትንሽ መፍጠን አለበት። ግን የጎደለውን ሙቀት ለማካካስ ፍጥነቱን በሩብ ስትጨምሩ ያቺ ትንሽ ልዩነት ተበልታ ታልቃለች። እርጥበቱን እናወጣለን ስንል እህሉን እናወጣዋለን። "ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ማለት ይኼኔ ነው።

ማንን እንውቀስ?

ባለማሽኑን ልጅ አንወቅስም። ማራገቢያው የሚስተካከል መሆኑን እንኳ የነገረው ሰው አልነበረም፤ የተሰጠው የመነሻ ቁልፍና የነዳጅ ማስገቢያው ነው። ገበሬውንም አንወቅስም፤ እሱ ነፋስን ከሁላችንም በላይ ያውቃል። የሚያሳዝነን በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

እጃችን የገቡ የማሽን ማስታወቂያ ወረቀቶችን አገላብጠን አይተናል። በሰዓት ስንት ኩንታል እንደሚወቃ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ ሳይቀር ተጽፏል። ኩንታሉ የተቆጠረው በስንዴና በበቆሎ ነው። የአየሩ ፍጥነት በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚናገር መስመር አላገኘንም። ሻጩ ያልጻፈው ገዢው ስላልጠየቀው ነው። ገዢው ያልጠየቀው ደግሞ ነፋስን የሚያውቀው ሰው ግዢው ላይ ስላልተቀመጠ ነው።

ይህ አገር ስለ ጤፍ የሚያስብ ሰው አጥቶ አይደለም። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ ስንቱ ማሳ ደርሷል። አዴት ላይ የምርምር ማዕከል አለን፤ መልካሳ ላይ የእርሻ መሣሪያ የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉን፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። የጤፍ ፍሬ በስንት ፍጥነት እንደሚንሳፈፍም ተለክቷል፤ ከላይ የጠቀስነው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። ዘሩ ተሻሽሏል፣ ቁጥሩም ታውቋል። ቁጥሩ ግን ከመጽሔቱ ወጥቶ የጨረታ ሰነድ ላይ አልደረሰም። ከዚያ አልፎ ባለማሽኑ ልጅ ጆሮ እንዲደርስ መጠበቅማ የዋህነት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጎጃም ስለ መሣሪያ ሲወራ ሰው ትዝ የሚለው ሌላ መሣሪያ መሆኑን አንዘነጋም። እህል ታጭዶ ጎተራ መግባቱ ራሱ ተመስገን የሚያሰኝበት ጊዜ ነው። ግን ሰላም ሲወርድ ማሽኑ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ በእርዳታም ይምጣ በብድር፣ በጥድፊያ ነው የሚመጣው። በጥድፊያ የተገዛ ዕቃ ደግሞ ጥያቄ አይጠየቅም። ጥያቄውን ዛሬ ማዘጋጀት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሦስት ጥያቄ፣ አንድ አቡጀዲ

ዩኒየን ሆናችሁ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆናችሁ፣ ወይም አምስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥታችሁ ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁልን።

አንደኛ፣ ማራገቢያው የሚያወጣው አየር በትንሹና በትልቁ በሴኮንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? ትንሹ ራሱ ከጤፍ መንሳፈፊያ የሚበልጥ ከሆነ ማሽኑ የስንዴ ነው፤ መልካም ዕድል ብላችሁ ለስንዴ አገር ተዉለት።

ሁለተኛ፣ የት ከፍታ ላይ ተሞከረ? "አገሩ ላይ ተሞክሯል" መልስ አይደለም። 2,500 ሜትር ላይ፣ በእኛ አየር፣ በእኛ እርጥብ እህል መሞከር አለበት።

ሦስተኛ፣ በአየር መውጫው በኩል ምን ይወጣል? ይህ ደግሞ የሻጩን አፍ ሳይጠብቁ በዓይን የሚታይ ነው። አንድ የአቡጀዲ ጨርቅ በቂ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ጭዱ የሚተፋበት ቦታ ላይ ጨርቁን ዘርጉና ለአሥር ደቂቃ የወጣውን ሁሉ ሰብስቡ። ማድረቂያ ከሆነም የአየር መውጫው ፊት ዘርጉት። ከዚያ በሰፌድ የሚያነፍስ ባለሙያ ጥሩ፤ ባለሙያ ስንል እናቶቻችንን ማለታችን ነው። ከዚያ ውስጥ የተገኘውን ጤፍ መዝኑት፤ በዚያው አሥር ደቂቃ በእህል መውረጃው ከወረደው ጋር አስተያዩት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከመቶው አምስት እጅ ብቻ በነፋስ ሄደ እንበል። ሃያ ኩንታል የሚያገኝ ቤተሰብ አንድ ኩንታል ጤፍ ከጭድ ጋር ለከብት ሰጠ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለአንባቢ አንነግርም፤ እንጀራ የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ በላይ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽን የሚፈትሽ ኮሚቴ ሲቋቋም አንድ መሐንዲስ፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ የፋይናንስ ሰው ይባላል። አንድ አራተኛ ሰው ጨምሩበት። ላይዳ ይዞ ያረጀ፣ ነፋሱ ሲለወጥ ከፊቱ ቆዳ የሚያውቅ ሰው። እንግሊዝኛውን የማሽን መግለጫ አያነብ ይሆናል። መውጫው ፊት እጁን ዘርግቶ "ይሄ ለጤፍ በዝቷል" ለማለት ግን ፊደል አያስፈልገውም።

ወደዚያች ምሽት እንመለስና እናብቃ። አያት ከጭዱ ሥር እየዘገኑ፣ በሰፌድ እያነፈሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሠሩ። እኛ ሦስት "የተማርን" ሰዎች ሞከርን፤ ያነፈስነው ግን እብቁም ጤፉም አንድ ላይ እየዘለለ ከሰፌዱ ወደቀ። ሳቁብን። እጃችንን ይዘው ሰፌዱ እንዴት እንደሚዘነብል፣ መቼ ሽቅብ እንደሚመታ፣ መቼ እፍ እንደሚባል አሳዩን። ሲጨልም ያወጡት ጤፍ ቁናውን ሞልቶ ተርፎ ነበር። የቀረው ብዙ እንደሆነ ያውቁ ነበርና ወደ ክምሩ ዞረው አንድ ነገር ብቻ አሉ።

"ማሽኑስ መልካም ነው። ነፋሱን ያላስተማሩት እንደሆነ ነው እንጂ።"

እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ቸር ይግጠመን።